ያልተቈጠረ ሰው አልሞተም ማለት ነውን?

ለተማሪ ጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን፤

በካንሰር የሚሞቱ ወንዶች ቁጥር በየክልሉ ተዘርዝሮ ሲቀርብልን ከሆስፒታል መዝገብ የተለቀመው ሁሉ የአዲስ አበባን ከፍ፣ የገጠሩን ዝቅ አድርጎ ያሳየናል። ወዲያው አንድ ድምፅ ይነሣና፣ «ካንሰር የከተማ ሰው በሽታ ነው፤ ባላገሩ ንጹሕ አየር ይተነፍሳል፣ ንጹሕ እህል ይበላል፣ ስለዚህ አይነካውም» ይላል። ሌላውም ቀጥሎ፣ «ደግሞም የሴቶች በሽታ ነው» ሲል ይጨምርበታል። ክፍሉም ጸጥ ይላል፤ የሚጽፈውም ይጽፋል፤ ለፈተና ይጠየቃላ! እኛ ግን ይህን አነጋገር በዝምታ ማለፍ ስለ ከበደን፣ ስቴንስሉ ሳይቀደድብን የምናስበውን በግልጽ ለመናገር ተነሥተናል።

እስቲ በመጀመሪያ ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ እንመልከት። የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ በመስከረም 2004 ዓ. ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተጀመረ። ይህን ሥራ የጀመሩትን መምህራንና ሠራተኞች እናመሰግናለን፤ እነሱ ባይኖሩ ዛሬ የምንከራከርበት ነገር እንኳ አይኖረንም ነበር። ነገር ግን መዝገቡ ስሙ እንደሚናገረው የአዲስ አበባን ነዋሪ የሚመዘግብ ነው። በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ ያለው ዓለም ዐቀፍ የካንሰር ጥናት ድርጅት እ. ኤ. አ. ለ2022 ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ 80 ሺህ ያህል አዲስ በሽተኞችና ከ50 ሺህ የሚበልጡ ሟቾች እንዳሉ አስታውቋል። ይህ ግምት በአብዛኛው የተነሣው ከዚሁ ከአዲስ አበባ መዝገብ ነው። ሞቱ ደግሞ ከበሽተኛው ቁጥር ላይ በስሌት የተገኘ እንጂ ሬሳ ተቈጥሮ የተጻፈ አይደለም። እንግዲህ የአንድን ከተማ መዝገብ ወስዶ አገሩን ሁሉ ከገመቱ በኋላ፣ ተመልሶ ያንኑ ከተማ ከአገሩ ጋር ማወዳደር ምን የሚሉት ሳይንስ ነው?

«የከተማ በሽታ ነው» ለሚሉት አንድ ነገር እናስታውሳቸው። እ. ኤ. አ. በ2016 በአገራችን በተደረገው የትንባሆ ጥናት ከዐዋቂ ወንዶች መካከል 8 ነጥብ 1 በመቶው ትንባሆ ተጠቃሚ ሆኖ ሲገኝ፣ ከሴቶች ግን 1 ነጥብ 8 በመቶው ብቻ ነበር። ከክልሎች ከፍ ብለው ከሚገኙት አንዱም አፋር ነው። ትንባሆ በዓለም ሁሉ የወንዶችን ሳንባ፣ ጉሮሮና ፊኛ የሚበላ መሆኑን የማያውቅ የለም። ታዲያ ብዙ የሚያጨሰው ወንድ ያለበት አገር በካንሰር የሚሞትበት ወንድ የለም ቢሉን እንመን? ወይስ የአፋር ሰው ሳንባ ከሌላው ሰው በተለየ ሸክላ የተሠራ ነው? መልሱ ቀላል ነው። ሲያስለው የሚመረምረው የለም፤ ሲሞት የሚጽፍለት የለም።

በዚህ ላይ የቋንቋችን ጉዳይ አለ። «ነቀርሳ» የምንለው ቃል ለካንሰርም ይነገራል፤ ደግሞ «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል ቲቢ ማለታችን ነው። አንድ አዛውንት ደም እየተፉ፣ ሰውነታቸው እየመነመነ ወደ ጤና ጣቢያ ቢመጡ፣ በቅድሚያ የሚታሰበው ቲቢ ነው፤ መድኃኒቱም ለወራት ይሰጣቸዋል። ሳይሻላቸው ቢሞቱ ልጆቻቸው «አባታችን በነቀርሳ ሞቱ» ይላሉ፤ የትኛው ነቀርሳ እንደ ሆነ ግን እነሱም፣ መዝገቡም፣ እኛም አናውቅም። በየቤቱ ደግሞ ስሙን መጥራት ስለሚፈራ «ያ ክፉ በሽታ» ተብሎ ይታለፋል።

ባላገሩ አይነካውም የሚለውን አባባል ጨርሶ የሚያፈርሰው ግን የጉሮሮ ነገር ነው፤ የምግብ መውረጃ ቧንቧ ካንሰር ማለታችን ነው። ከአገራችን ተነሥቶ በኬንያ በኩል እስከ ማላዊ የሚወርድ፣ ይህ በሽታ ከሌላው ዓለም አብልጦ የሚበዛበት የምሥራቅ አፍሪካ ምድር መኖሩን ሊቃውንቱ ከጻፉት ቈይቷል። በእኛ አገርም ለዚህ በሽታ ወደ ሆስፒታል የሚመጡት ብዙዎቹ የአርሲና የባሌ ሰዎች መሆናቸው በሐኪሞች ተደጋግሞ ተመዝግቧል። እነዚህ የከተማ ሰዎች አይደሉም፤ ስንዴና ገብስ የሚያበቅሉ ገበሬዎች ናቸው። ሰውዬው መጀመሪያ እንጀራው አልወርድ ይለዋል፤ ከዚያ ገንፎው፤ ከዚያ ወተቱ፤ በመጨረሻም ምራቁ። ወደ ሐኪም የሚደርሰው ወተቱ ላይ ሲደርስ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ብዙ የሚደረግለት ነገር የለም። ለምን በአርሲና በባሌ? አንዳንዱ እያቃጠለ የሚዋጠውን ገንፎ፣ አንዳንዱ የጎጆውን ጢስ፣ አንዳንዱ የፍራፍሬ እጦትን፣ አንዳንዱ ጫትንና ትንባሆን ይጠረጥራል። ይህ ሁሉ ገና በክርክር ላይ ያለ ነው፤ ክርክሩም የሚፈታው ማን የት እንደ ሞተ በትክክል ሲቈጠር ብቻ ነው። በምሥራቅ በኩልም ነገሩ ሌላ መልክ አለው፤ በባቢሌ አካባቢ ለውዝ ላይ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ መገኘቱ ተጽፏል። ይህ መርዝ ከጉበት ቫይረስ ጋር ሲጋጠም ጉበትን ወደ ካንሰር እንደሚያደርስ የታወቀ ነው። የጉበት ቫይረስ ክትባት ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ. ም. ስለ ሆነ፣ ይህን ከሚያነቡት ተማሪዎች ብዙዎቹ ሳይከተቡ የተወለዱ ናቸው። ነገሩ የሌላ ሰው ነገር አይደለም ጃል!

«የሴቶች በሽታ ነው» የሚሉትን በአጭሩ እንለፋቸው። እ. ኤ. አ. ስለ 2015 የተሠራ አንድ ግምት በአገራችን ወደ 21 ሺህ 500 ወንዶችና ወደ 42 ሺህ 700 ሴቶች በዓመት አዲስ እንደሚታመሙ ይናገራል። የሴቶቹ መብዛት እውነት ነው፤ የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር እናቶቻችንን እየፈጀ ስለ ሆነ ለእነሱ የሚደረገው ሁሉ ይጨመር እንጂ አይቀነስ። ነገር ግን 21 ሺህ ሰው «ጥቂት» የሚባለው በየትኛው ሒሳብ ነው?

አሁን ወደ ሠፈራችን ወደ ኮልፌ ቀራንዮ እንምጣ። ከዘነበወርቅ ሠፈር የተሻለ ምስክር አናገኝምና።

በዘነበወርቅ በ1920ዎቹ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ተቋቋመ፤ በ1958 ዓ. ም. ደግሞ አለርት የተባለው ታላቅ ማሠልጠኛና ሕክምና ቤት በዚያው ተመሠረተ። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጎንደር፣ ከሸዋ ሕመምተኛው በእግሩም በበቅሎውም እየመጣ ታከመ፤ ብዙውም አገሩ መመለስ ስለ አሳፈረው በዙሪያው ጎጆ ቀልሶ ቀረ። በዚያን ዘመን አንድ የስታቲስቲክ ባለሙያ መጥቶ የሥጋ ደዌን በየወረዳው ቢቈጥር ኖሮ፣ ኮልፌ ከኢትዮጵያ ሁሉ የበለጠ የሥጋ ደዌ ያለባት ምድር ናት ብሎ ይጽፍ ነበር። የኮልፌ አየር ነውን ሥጋ ደዌ ያመጣው? ሐኪሙ የተቀመጠበት ቦታ ነው በሽተኛውን የሰበሰበው። የካንሰርም ነገር ይኸው ነው። የጨረር ሕክምና ለሃያ ዓመት ያህል በአገሪቱ ሙሉ በጥቁር አንበሳ ብቻ ሲሰጥ ኖረ፤ ወደ ጅማና ወደ ሐረር የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ከወልቂጤ ወይም ከጅማ በአየር ጤና በኩል ገብቶ ዘመዱ ቤት ያረፈ በሽተኛ፣ ወረፋው ወራት ሲፈጅበት፣ ካርዱ ላይ የሚጻፈው አድራሻ የማን ነው? የዘመዱ የኮልፌ ቤት ቁጥር ከሆነ፣ የጉራጌ ወይም የጅማ ገበሬ የአዲስ አበባ ሰው ሆኖ ተቈጠረ ማለት ነው።

ተቃራኒውም አለ። በኮልፌ አርባ ዓመት የነገደ ሰው፣ ሐኪም ተስፋ ሲቈርጥበት፣ «አገሬ ውሰዱኝ» ይላል። ልጆቹም መኪና ተከራይተው ይወስዱታል፤ በተወለደበት ቀዬ ይሞታል፣ በዚያው ይቀበራል። ከአዲስ አበባ የመቃብር መዝገብ ቀረ፤ በተቀበረበትም መዝገብ የለም። ይህ ሰው በየትኛው ክልል ሞተ እንበል? በስታቲስቲኩ መሠረት ከሄድን ገና በሕይወት አለ!

ስለ ቆሼም ዝም ብለን አናልፍም። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የከተማው ጥራጊ ሲከመርበት ኖሮ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ. ም. ተንዶ ከመቶ የሚበልጡ ወገኖቻችንን ቀበረ። የእነዚያ ሞት ተቈጠረ፤ በአንድ ቀን ስለ ሞቱ። በጢሱ ሥር ዕድሜያቸውን የኖሩት ቈሻሻ ለቃሚዎች በምን እንደ ሞቱ ግን ማን ቈጠረ? ጢሱ ይህን ያህል ሰው በካንሰር ገደለ ብለን ብንጮኽ ጽሑፋችን በሞቀ ነበር፤ አንልም። የማይቈጥሩትን ስንከስ ሳንቈጥር መናገር አይገባንም።

ቈጠራ ምን ይጠቅማል ለሚል የሌላውን አገር እንንገረው። የአሜሪካ የካንሰር ተቋም እ. ኤ. አ. ከ1950 እስከ 1969 በየአውራጃው በካንሰር የሞተውን ቈጥሮ በ1975 በካርታ አወጣ። በደቡብ ምሥራቅ ባሕር ዳርቻ ወንዶች በሳንባ ካንሰር ከሌላው አብልጠው ሲሞቱ ታየ። ቢመረመር፣ ብዙዎቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በመርከብ መሥሪያ ሠርተው የአስቤስቶስ ብናኝ የዋጡ ነበሩ። ካርታው ባይሠራ እያንዳንዱ ሰው «ዕድሉ ነው» ተብሎ ይቀበር ነበር። «እነሱ ሀብታም ናቸው» ለሚልም መልስ አለን። እ. ኤ. አ. በ1961 በካምፓላ ይሠራ የነበረው ሐኪም ዴኒስ በርኪት ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር በአሮጌ ፎርድ መኪና ተሳፍሮ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ 16 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ። በየሆስፒታሉ እየገባ የሕፃናትን መንጋጋ የሚያሳብጠውን ዕጢ ፎቶግራፍ እያሳየ፣ «ይህን አይታችኋል?» ብቻ ነበር የሚጠይቀው። ከዚያ የተሠራው ካርታ በሽታው የሙቀትንና የዝናብን ወሰን ተከትሎ እንደሚሄድ አሳየ። ዛሬ በስሙ የሚጠራው በሽታ ምክንያት የተገኘው በዚያ መንገድ ነው።

በእኛም ዘንድ ችሎታው አልጠፋም። የዩኒቨርሲቲያችን የጤና መምህራን ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቡታጅራ ገጠር ቤት ለቤት ልደትና ሞት ሲመዘግቡ ኖረዋል። ከ1993 ዓ. ም. ጀምሮ ደግሞ የኤድስን ሞት ለማወቅ ሲሉ በአዲስ አበባ የመቃብር ቦታዎች ሁሉ ቀብሩን አስመዘገቡ፤ ሐዘንተኛውንም እየጠየቁ የሞቱን ምክንያት አጠኑ። ኤድስን ፍለጋ ሄደው፣ ከዐዋቂው ሞት ግማሽ ያህሉ በልብ፣ በካንሰር፣ በስኳርና በመሰሎቻቸው በሽታዎች የሚመጣ መሆኑን አገኙ። ሕጉም አለ፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ሞትን ማስመዝገብ ግዴታ አድርጓል፣ ምዝገባውም በ2008 ዓ. ም. ተጀምሯል። ግን የሞት ማስረጃ ለማውጣት ወረዳ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ውርስ ያለው ነው። ከእንጨት ተሸካሚ ምን ይወረሳል?

ከወረዳው ይልቅ ሞትን ሳያዛንፍ የሚያውቅ አንድ ድርጅት አለ፤ እድር። የእድር ጸሐፊ ሟቹን በስም፣ በቀን፣ በቤት ያውቀዋል፤ ገንዘብ የሚከፈልበት ስለ ሆነም አይረሳም። የሚጐድለው ዕድሜ፣ የትውልድ አገርና ከመሞቱ በፊት ምን ምን እንደ ታየበት የሚጽፍ አንድ ገጽ ነው። ዕድሜውም የግድ ያስፈልጋል፤ ካንሰር ከዕድሜ ጋር ስለሚበዛ፣ ሽማግሌ የሚበዛበትን አገር ወጣት ከሚበዛበት ጋር ሳያስተካክሉ ማወዳደር ሌላ ስሕተት ነው።

«ሐዘንተኛ እንዴት ይጠየቃል?» የሚሉን አሉ። ከአርባው በኋላ፣ በእድሩ ዳኛ አማካይነት፣ ስም ከቤት ሳይወጣ ይጠየቃል፤ በመቃብር ጥናቱም በጥያቄ ነው የተሠራው። «ከቃል የተሰበሰበ ምስክርነት ጉበትን ከሌላ የሆድ በሽታ መለየት አይችልም» የሚሉት ደግሞ እውነት አላቸው፤ የደም ካንሰርንም አይለይም። ምግብ አልወርድ ብሎት በርሀብ የሞተን ሰው ግን ሚስቱ ከሐኪም ባላነሰ ታውቃለች። የጉሮሮውን ካርታ እንኳ ብናገኝ ካለን ባዶ ወረቀት ይሻላል።

ስለዚህ ማኅበራችን በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ እንዲወስን የምናቀርበው ይህ ነው። መምህራኖቻችን ሰንጠረዥ ሲያቀርቡልን የትኛው ቁጥር ተቈጥሮ፣ የትኛው ተገምቶ እንደ ተጻፈ በግርጌው ያመልክቱልን። የሕክምናና የስታቲስቲክ ተማሪዎች በኅብረት አንዱን ገጽ ያዘጋጁ፤ የምርምር ፈቃዱንም መምህራኖቻችን ያስጨርሱልን። ሙከራው በኮልፌ ቀራንዮ በአሥር እድሮች ይጀመር፤ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ይግባበት፣ የኮልፌ የሙስሊሞች መቃብርም አይዘለል። ለክረምት ወደ አርሲ፣ ወደ ባሌ፣ ወደ አፋርና ወደ ሐረርጌ የሚሄድ ተማሪም ገጹን ይዞ ይሂድ። ወላጆቹ በኮልፌ የእድር አባል የሆኑ ተማሪ ሁሉ ስሙን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ያስመዝግብ፤ የእድሩን ዳኛ አስቀድሞ ያነጋገረ ከሆነ ደግሞ በስሙ አንጻር ምልክት ያድርግበት።