ዋጋው የድንጋዩ ነው ወይስ የግድግዳው?

ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ በአዲስ አበባ የሕንፃ ፊት ማሳመር ራሱን የቻለ ገበያ ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት በየዋና መንገዱ ዳር ያሉ ባለንብረቶችን የሕንፃቸውን ፊት እንዲያድሱ አጣደፋቸው። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ከውጭ የሚገባው የአሉሚኒየም ልባስና መስተዋት በብር ሲሰላ ዋጋው አሻቀበ። ይህ ለአገር ቤቱ ድንጋይ ሰፊ በር ከፍቷል። ድንጋዩ ተሰንጥቆ ወይም ተቆርጦ፣ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ሳስቶ በግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ሕንፃውን የተከበረ ያስመስለዋል፤ ቀለም አይፈልግም፣ ዶላርም አይጠይቅም።

ችግሩ የሚጀምረው ፕሮፎርማው ላይ ነው። ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ያለው አንድ ነጋዴ ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ እንበል። ሦስቱም ላይ የተጻፈው አንድ መስመር ነው፤ “የድንጋይ ልባስ አቅርቦትና ገጠማ፣ በካሬ ሜትር ይህን ያህል ብር”። ነጋዴው ዝቅተኛውን ይመርጣል። ሸቀጥ መግዛት ልማዱ ነውና አይፈረድበትም። ነገር ግን ዝቅተኛው ዋጋ ከየት እንደተቀነሰ ወረቀቱ አይናገርም። ሦስቱም ድንጋዩን ከአንድ አካባቢ፣ ምናልባትም ከአንድ ደላላ እጅ የሚያመጡ ከሆነ፣ ቅናሹ ከድንጋዩ አልመጣም። የመጣው ከድንጋዩ ጀርባ ነው፤ ከሲሚንቶው፣ ከሽቦው፣ ከብሎኑ፣ ከሠራተኛው ጊዜ። ባለንብረቱ የድንጋይ ዋጋ ተከራክሮ የግድግዳ ዕዳ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል።

ዕዳው በኪሎ ይመዘናል። ጥቁሩ ድንጋይ፣ ማለትም ባዛልት፣ በአንድ ሜትር ኩብ ወደ 2,800 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ባለ 2 ሳንቲ ሜትሩ በካሬ 56 ኪሎ፣ ባለ 3 ሳንቲ ሜትሩ 84 ኪሎ መሆኑ ነው። የ600 ካሬ ሜትር የሕንፃ ፊት በቀጭኑ እንኳ ቢለበስ 336 ኩንታል ድንጋይ በእግረኛ አናት ላይ ተንጠልጥሏል። በአሜሪካ የግንባታ ኮድ ለረጅም ዓመታት የቆየው ልክ በማጣበቂያ ብቻ የሚያዝ ድንጋይ በካሬ ሜትር ከ73 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ ያዝዛል። ባለ 3 ሳንቲ ሜትሩ ጥቁር ድንጋይ ከዚህ ልክ አልፏል። ወፍራም ድንጋይ ጠንካራ ነው ብሎ የሚመርጥ ገዢ፣ ብረት ካልጨመረበት፣ ለራሱ አደጋ እየገዛ ነው።

የድንጋዩ ምርጫም ቢሆን በስም አይደለም። የአምቦ ድንጋይ አሸዋማ በመሆኑ ለመሮ ይመቻል፣ ቀለሙም ዓይን ይስባል፤ ነገር ግን ውኃ ይጠጣል። ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚመጣው እብነበረድ ነጭና ለስላሳ ነው፤ አሲድ ግን አይችልም። በከተማው የሕንፃ ማጠናቀቂያ ሥራ የፈሰሰ ሲሚንቶ በአሲድ ማጠብ የተለመደ ስለሆነ፣ ስንት የተደከመበት እብነበረድ በርክክቡ ዋዜማ ወዙን ያጣል። ገዢው ወደ ድንጋይ መሸጫው ሲሄድ አንድ ጠርሙስ ውኃና አንድ ሎሚ ቢይዝ ብዙ ይማራል። ውኃውን ወዲያው የሚመጥ ድንጋይ ለዝናብ ፊት ለፊት ግድግዳ አይመከርም፤ በተለይ መሬት አጠገብ። የሎሚው ጠብታ የሚያፈላው ወይም የሚያደበዝዘው ድንጋይ ደግሞ አሲድ የያዘ ጽዳት ሠራተኛ እንዳይቀርበው በውል መታሰር አለበት።

ስም ለማይበግረው ሰው የቺካጎው የአሞኮ ሕንፃ ጥሩ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጠናቀቀው ይህ ከ80 ፎቅ በላይ ያለው ሕንፃ የለበሰው በዓለም የታወቀውን የጣሊያን ካራራ እብነበረድ ነበር፤ ውፍረቱ ከ3 ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። በዓመቱ አንድ ገበታ ተገንጥሎ በጎረቤት ሕንፃ ጣሪያ ላይ ወደቀ። ቀጭኑ እብነበረድ ከብርድና ከሙቀት መፈራረቅ የተነሣ እየጎበጠና እየደከመ ሄዶ፣ ከ1990 እስከ 1992 ባለው ጊዜ ልባሱ በሙሉ ወርዶ በግራናይት ተተካ። ወጪው ከ80 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደነበር ተዘግቧል። አዲስ አበባ የቺካጎ ብርድ የላትም፤ ሆኖም ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚጠብሰው የምዕራብ ግድግዳ ሌሊት ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ የከተማው ነዋሪ ያውቀዋል።

ወደ ገጠማው ስንመጣ ነገሩ ይከፋል። አሁን ከሚሠራው አብዛኛው እድሳት በመሆኑ፣ ድንጋዩ የሚለጠፈው ቀድሞ በተለሰነና ቀለም በተቀባ ብሎኬት ላይ ነው። ቀለሙ ሳይፋቅ ከተለጠፈ ድንጋዩ የሚይዘው ቀለሙ ልስኑን የያዘውን ያህል ብቻ ነው፤ ልስኑም ብሎኬቱን ከለቀቀ ቆይቶ ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው መንገድ ቀለሙንና ልል ልስኑን አራግፎ፣ ዝገት የማይበላው የሽቦ መረብ ከብሎኬቱና ከአርማታው ጋር በብሎን አስሮ፣ በላዩ ሻካራ ልስን መትቶ ለጥቂት ቀናት ውኃ እያጠጡ ማቆየት ነው። ይህ ሁሉ አንድ ድንጋይ ሳይለጠፍ የሚወጣ ወጪ ነው። ለዓይን የሚታይ ነገር ስለሌለውም ከፕሮፎርማው መጀመሪያ የሚጠፋው እርሱ ነው።

ሠራተኛው የሚከፈለው በካሬ በመሆኑ ደግሞ መቸኮሉ አይቀርም። በዲስክ ሲቆረጥ የቀረው ዱቄት ከድንጋዩ ጀርባ ሳይታጠብ፣ ሲሚንቶው አራት ማዕዘኑና መሐሉ ላይ ጠብ ጠብ ተደርጎ ይለጠፋል። ያ ድንጋይ በዚያው ዕለት ቀጥ ብሎ ይታያል፣ ባለቤቱም ፎቶግራፍ ያነሣዋል። ክረምት ሲመጣ ውኃው በጣሪያው ጠርዝ በኩል ገብቶ ባዶውን ቦታ ይሞላል። ነጭ ጨው በድንጋዩ ፊት ላይ መታየት ሲጀምር ውኃው ከጀርባ መንገድ እንዳበጀ ይታወቃል። ጀርባው በሙሉ ሲሚንቶ የተቀባ፣ ተጭኖና ተነቃንቆ የተቀመጠ ድንጋይ ይህ ብዙም አያገኘውም። የጣሪያው ጠርዝ ክዳን፣ ከመሬት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ መጀመር፣ በየፎቁ ለእንቅስቃሴ የሚተውና በሚለጠጥ መሙያ የሚደፈን ክፍተት፣ እነዚህም ከውበት አይቆጠሩም፤ ዕድሜ ግን ናቸው። አርማታውና ብሎኬቱ እኩል አይንቀሳቀሱም። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽና ከፈንታሌ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ሕንፃ የሚወዛወዝ ነገር መሆኑን ብዙ ባለንብረት ያኔ አስታውሷል።

እንግዲያው አሉሚኒየሙ አይሻልም ወይ የሚል አይጠፋም። ቀላል ነው፣ ቶሎ ይገጠማል፣ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን መሐሉ ፕላስቲክ የሆነው ዓይነት እሳት ያዛምታል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ለንደን ውስጥ 72 ሰዎች ያለቁበት የግሬንፌል ሕንፃ ቃጠሎ የተስፋፋው በዚህ መሰሉ ልባስ ነበር። ድንጋይ አይነድም። ዶላር ከፍሎ የሚነድ ከማምጣት በብር የማይነደውን ገዝቶ በደንብ ማሰር በየትኛውም ሒሳብ ያዋጣል፤ “በደንብ ማሰር” የሚለው ግን ዋጋ አለው።

ያ ዋጋ በወረቀት ላይ ሊታይ ይገባል። ባለንብረቱ ፕሮፎርማ ሲጠይቅ ድንጋዩን በአንድ መስመር፣ የግድግዳ ዝግጅቱን በሌላ፣ ብረቱንና መረቡን በሦስተኛ፣ ክፍተቱንና የጣሪያ ጠርዙን በአራተኛ መስመር ተለይተው እንዲሞሉለት ይጠይቅ። ከሁለተኛው ፎቅ በላይ ያለውን ድንጋይ ዝገት በማይበላው ብረት ካልታሰረ አልረከብም ቢልም አልበዛበትም። ደህና ኮንትራክተር በዚህ አይከፋም፤ እስከ አሁን በአንድ መስመር ከሚወዳደረው ጋር ሲሸነፍ የኖረው እርሱ ነው። የሚከፋው ካለ፣ ለምን እንደከፋው መገመት አያዳግትም። አንዳንዱ ባለንብረት ደግሞ ወጪው መብዛቱን ሲያይ ሁለቱን ጎን ተራ ልስን አድርጎ ፊቱን ብቻ ያለብስ ይሆናል፤ ይህ ውሳኔ ብልህነት እንጂ ንፉግነት አይደለም።

የመያዣው ገንዘብም በርክክብ ዕለት አይለቀቅ። አንድ ሙሉ ክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ይለፍበት። መስከረም ሲጠባ ባለንብረቱና ኮንትራክተሩ ትንሽ መዶሻ ይዘው መወጣጫው ላይ ይውጡና ድንጋዩን አንድ በአንድ ቀስ ብለው ይምቱት። ሙሉው ድንጋይ ደረቅ ድምፅ ይሰጣል፤ ባዶው እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ያስተጋባው በኖራ ምልክት ይደረግበት፣ ወርዶ በኮንትራክተሩ ወጪ እንደገና ይለጠፍ፣ ገንዘቡም ከዚያ በኋላ ይከፈል።