ጥያቄ ካለ? ከሌለ ሻይ ቡና ተዘጋጅቷል

ከፓወርፖይንት ጋር ያለኝን የቆየ ጠብ የዚህ ዓምድ ደንበኞች ታውቃላችሁ። በዚህ ሳምንት ጠቡ ታደሰ። አንድ ወዳጄ እየጎተተ ወስዶ የአንድ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ዲፓርትመንት የምርምር ሴሚናር ላይ አስቀመጠኝ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም።

ገለጻ አቅራቢው ወጣት ዶክተር ነው። ደጅ ቆመን ስንጨዋወት ሥራውን የሚወድ፣ ሲያስረዳም እጁ የማያርፍ ሰው ነበር። ፕሮጀክተሩ ሲበራ ግን ያ ሰው ጠፋ። ጀርባውን ሰጥቶን ግድግዳው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ጀመረ። ዴፊኒሽን፣ ሌማ፣ ቲዎረም፣ ደግሞ ሌማ። ፊደሉ ከፊት ወንበር እንኳ አይነበብም። «ጊዜ ስላጠረኝ ይችን ልዝለላት» እያለ የሚዘልላት ደግሞ ማረጋገጫዋን ነው። ሒሳብ ውስጥ ማረጋገጫው ከተዘለለ ምን ቀረ? ከጎኑ ጥቁር ሰሌዳ አለ፤ ከሥሩ ጠመኔ ተቀምጧል። የነካው የለም።

ሲጨርስ መድረክ መሪው ተነሡ። «በጣም ግሩም ገለጻ ነው፤ እናመሰግናለን። ጥያቄ ካለ?» ቤቱ ጸጥ አለ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት የማስተርስ ተማሪ እጇን እስከ ትከሻዋ አነሣች፤ ፊት ለፊት የተቀመጡትን መምህራን ቃኘችና ጸጉሯን የምታስተካክል መስላ መለሰችው። «ከሌለ፣ ሻይ ቡና ተዘጋጅቷል።»

ሳንቡሳው ላይ አገኘኋትና ምን ልትጠይቅ እንደነበር ጠየቅኋት። «አንድ ምሳሌ እንዲሰጠን ነበር» አለችኝ። «ምሳሌ ቢኖር ይገባኝ ነበር።» በዚያ አዳራሽ ውስጥ መነሣት የነበረበት ጥያቄ ይህ ብቻ ነበር፤ እሱም ሳይነሣ ቀረ።

ወዳጄን ስሞግተው «ባህላችን ነው፤ ሰውን በአደባባይ ማሳፈር ነውር ነው» አለኝ። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ይህን ለማፍረስ ሙግት የማይጠፋባቸው ዋሸራና ጎንጅ ቅኔ ቤቶች ድረስ አልሄድም፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያለው እድራችን ይበቃኛል። እሑድ ጠዋት ገንዘብ ያዡ ሪፖርት ሊያሰማ ሲነሣ መጥታችሁ እዩ። ለድንኳን ማሰፊያ ወጣ የተባለው ገንዘብ ገና ከአፉ ሳይወጣ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት «ደረሰኙ የታለ ልጄ?» ይላሉ። ደረሰኙ ይወጣል። «እሺ፣ ካለፈው ወር ተራፊ ጋር ደምረህ አሳየን።» ይደምራል። «አልገባኝም፤ ድገመው።» ይደግማል፤ ላቡ ጠብ ይላል። በመጨረሻ ሒሳቡ ይገጥማል፤ እሳቸውም መርቀውት ይቀመጣሉ። ማን ተዋረደ? ማንም! እንዲያውም ከዚያ በኋላ ገንዘብ ያዡን የሚጠራጠረው የለም። ማረጋገጫ የሚባለው ነገር ይኸው ነው፤ እኚያ እናት ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ከነበርነው ሁሉ የበለጡ የሒሳብ ሰው ናቸው።

ጎረቤቴ በደርግ ጊዜ ሶቭየት ኅብረት ተምረው የመጡ ጡረተኛ የሒሳብ መምህር ናቸው። ጠዋት የእንጦጦን ዳገት አብረን እንወጣለን፤ እሳቸው ያወራሉ፣ እኔ አለከልካለሁ። የሴሚናሩን ጉድ ስነግራቸው ሳቁብኝ። «የጌልፋንድን ሴሚናር ሳትሰማ ነው የምታማርረው?» የሒሳብ ሊቁ እስራኤል ጌልፋንድ እ.ኤ.አ. ከ1943 ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት ሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሰኞ ማታ ሴሚናር ይመራ ነበር። ተናጋሪውን በመሃል ያስቆመዋል፤ ከአድማጩ አንዱን ተማሪ አስነሥቶ አሁን የተባለውን በራሱ አንደበት እንዲያስረዳ ያዘዋል። «ጋሼ፣ ይሄማ ጭካኔ ነው» አልኳቸው። «ጭካኔስ ነበረበት» አሉ፤ «ግን ሳይገባው ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ያሳዝነኛል። ይሄስ ጭካኔ አይደለም?»

ለአጨብጫቢዎች ደግሞ የሒሳብ ሊቁን የአንድሪው ዋይልስን ታሪክ ልንገራችሁ። በሰኔ 1985 ዓ.ም. ካምብሪጅ ላይ በሦስት ተከታታይ ገለጻዎች፣ ከ350 ዓመት በላይ ሲያስቸግር የኖረውን የፌርማን የመጨረሻ ቲዎረም ማረጋገጡን አስታወቀ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ የዓለም ጋዜጦች ተቀባበሉት። ከዚያ በፊት ፕሪንስተን ላይ፣ ምስጢሩን ለብቻው ለነገረው ለባልደረባው ለኒክ ካትዝ ሥራውን ኮርስ አስመስሎ አስተምሮት ነበር። ነገሩን ያላወቁት ተማሪዎች አንድ በአንድ ጥለው ወጥተው ካትዝ ብቻውን ቀረ። ያኔም ቢሆን ጉድለቱ አልታየም። የታየው ከጭብጨባው በኋላ፣ ካትዝ ጽሑፉን መስመር በመስመር እያነበበ በኢሜይል ጥያቄ ሲያዘንብበት፣ ለአንዷ ጥያቄ መልስ ሲጠፋ ነው። ዋይልስ ከሪቻርድ ቴይለር ጋር ሆኖ ቀዳዳውን እስኪደፍን ከዓመት በላይ ፈጀበት። ካትዝ ለይሉኝታ ብሎ ዝም ቢል ኖሮ ወዳጁን አከበረው ልንል ነው?

ከጋሼ ጋር የምንወጣው ዳገት ላይ የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ አለ፤ አንድ አንድ ሜትር ስፋት መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለውበታል። ሩቅ ኮከብ ለማየት ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ግድም የወጣን ሰዎች፣ ሁለት እርምጃ ርቆን የቆመውን ሰው «ምሳሌ ስጠን» ለማለት አፈርን።

ጋሼ ግን ሐሳባቸው ሌላ ጋ ነበር። «ያች ልጅ ነገ አስተማሪ ትሆናለች» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከዚሁ ከየካችን ኮተቤ ስንት ዘመን መምህራን እየሠለጠኑ ይወጣሉ፤ ዛሬም የኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ሥራ ይኸው ነው። ሰው ደግሞ የተማረበትን መንገድ ነው የሚያስተምርበት። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምሳሌ መጠየቅን የፈራ፣ ነገ ዘጠነኛ ክፍል ገብቶ ምሳሌ የሚጠይቀውን ልጅ በምን አንጀቱ ይታገሠዋል? የ12ኛ ክፍል ፈተናን ያለፉት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። ውጤቱ በተነገረ ቁጥር ኩረጃው ይወቀሳል፣ የመጽሐፍ እጥረቱ ይወቀሳል፣ ስልኩ ይወቀሳል። እኔ ደግሞ ዝምታውን እወቅሳለሁ። ማስረጃ የሚጠይቀኝ ቢኖር ደስታውን አልችለውም፤ ቢያንስ አንድ ሰው ጠየቀ ማለት ነው።

እስከዚያው ለዲፓርትመንቶቹ ሁሉ የምለው ይኸው ነው። የመጀመሪያው አሥር ደቂቃ በጠመኔ ይሁን፤ ፕሮጀክተሩ ይቆየን። የመጀመሪያው ጥያቄ የተማሪ ይሁን፤ ፕሮፌሰሮቹ ተራቸውን ይጠብቁ። ያ የተሳትፎ ሰርተፊኬት የሚሉት ወረቀት መታደሉ ካልቀረም፣ የጠየቀ ብቻ ይውሰደው። ሳንቡሳው ግን ለሁሉም ይዳረስ፤ ጌልፋንድን ያህል አልጨክንም።