ስለ ጡት ሕመምና ስለ ልብ ጭንቀት



ወደ ንስሐ አባት ቀርበው «ደረቴን ያመኛል» የሚሉ እኅቶች አሉ። ጡት ብሎ መናገር ያሳፍራቸዋልና ነው። ከዚህ ቃል በስተኋላ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ሕመም አለ፤ ሲታጠቡ እብጠት በእጃቸው ያገኙ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ያጡ፣ እህል የዘጋቸው፣ ጸሎት የከበዳቸው ናቸው።

ሐኪሞች እንደሚያስተምሩን በጡት የሚገኝ እብጠት አብዛኛው ካንሰር አይደለም፤ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ወይም ጉዳት የማያመጣ እጢ ሊሆን ይችላል። የጡት ሕመም ብቻውን የካንሰር ምልክት የሚሆነውም ከስንት አንድ ነው። ይህን ግን በአልትራሳውንድ፣ በማሞግራፊ፣ ሲያስፈልግም ናሙና ወስዶ የሚለየው ሐኪም እንጂ ጎረቤት አይደለም፤ እኛም አይደለንም። ጭንቁ የሚበረታው በምርመራና በውጤት መካከል ባለው ጊዜ ነው። ፍርሃት አንዲቱን በየሳምንቱ ሐኪም ቤት ያመላልሳታል፤ ሌላይቱን ደግሞ «ካልተመረመርሁ አልታመምሁም» አሰኝቶ ያስቀራታል። ሁለተኛው ይከፋል፤ ካንሰር ቢሆን እንኳ ቀድሞ የተገኘው ለሕክምና ይመቻልና።

ካህናት ወንድሞቼ ሆይ፣ መጻሕፍተ መነኮሳትን እየተማርን ያደግን ሰዎች ትካዜን ሁሉ ሐኬት ወይም የሰይጣን ፈተና ለማለት እንቸኩላለን። ነቢዩ ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ ሞትን በለመነ ጊዜ የተላከለት መልአክ አልገሠጸውም፤ አበላው፣ አጠጣው፣ ተመልሶ ሲተኛም ተወው፤ ሁለተኛም ቀስቅሶ አበላው። የኮሬብ መንገድ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

ስለዚህ የታመመችውን «ምን ኃጢአት ሠራሽ» ብላችሁ አትጠይቁ። ጸበሉን አጠምቁ፣ ጸሎተ ቀንዲሉን አድርሱላት፤ መድኃኒትሽን አቋርጪ ግን አትበሉ። ከጾም ማረፍ የሚያስፈልጋት ከሆነም አሳርፏት። ኀዘኗና ተስፋ መቁረጧ ሁለት ሳምንት ያለማቋረጥ ቢቆይ፣ የምትወደውም ነገር ቢያስጠላት፣ ይህ ራሱ ሕክምና የሚሻ ሕመም ነው። ሞትን የምትመኝ ከሆነች ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም አድርሷት፤ ብቻዋንም አትተዉአት።

በእንግድነት ያላችሁ እኅቶች፣ ቋንቋው አስቸግሯችሁ ወይም አሠሪዬ ያውቅብኛል ብላችሁ ፈርታችሁ ከሆነ ከእማሆዮች ለአንዲቱ ንገሯት። ለወንድ መነኩሴ መናገር የሚከብደው ለእናት ይቀላል። ከእናንተ ጋር ሄዳ የምታስተረጉምላችሁ እኅት ትፈለጋለች፤ ውጤቱን ለመስማት በምትሄዱበትም ቀን ብቻችሁን አትሄዱም።