ካባኑን ሽጡት

አሮጌ የሙዚቃ መሣሪያ ለሽያጭ በወጣ ቁጥር ከሥሩ የምትበቅል አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ «ይሄ እኮ ቅርስ ነው፣ እንዴት ይሸጣል?» የሚጽፋት ሰው ብዙ ጊዜ መሣሪያውን ነክቶ አያውቅም። የመግዛት ሐሳብም የለውም። ሻጩ ለምን እንደሚሸጥ አይጠይቅም፤ ልጅ ሊያሳክም ይሁን፣ ኪራይ ሊከፍል ይሁን፣ ወይስ በቃ እጁ እየተንቀጠቀጠ መጫወት አቅቶት። ዓረፍተ ነገሯን ይጥልና፣ አንድ የሚያለቅስ ኢሞጂ ጨምሮ ወደሚቀጥለው ቪዲዮ ያልፋል።

እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ይሸጥ። በግልጽ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በጥሩ ዋጋ ይሸጥ። አሮጌ መሣሪያን እየገደለው ያለው ሽያጭ አይደለም፤ ሽያጩን ነውር ማድረጋችን ነው። ነውር የሆነ ነገር ተደብቆ ይሸጣል። ተደብቆ የሚሸጥ ነገር ደግሞ መጀመሪያ የሚያጣው ስሙን ነው።

ነገሩን መሬት ለማስያዝ ከማውቀው ሰፈር ልነሳ። ከጅግጅጋ ወደ ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ብትነዱ ቶጎጫሌ ትገባላችሁ። ከድንበሩ ማዶ መንገዱ ወደ ሐርጌሳ፣ ከዚያም ወደ በርበራ ወደብ ይቀጥላል። ከዚህ ጫት ይወጣል፤ ከዚያ ልብስ፣ ጫማ፣ ስልክ፣ ሩዝና ፓስታ ይገባል። የጅግጅጋ ልጅ ሆኖ ከቶጎጫሌ የመጣ ነገር ለብሶ የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ። በዚህ ሁሉ ዕቃ መሃል አልፎ አልፎ አንድ እንጨት ብቅ ይላል፤ ሆዱ እንደ ተገመሰ ሐብሐብ የተነፋ፣ አንገቱ አጭር፣ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ የተቆለመመ። ዓረቦች ኡድ ይሉታል። ሶማሌዎች ደግሞ ካባን።

ካባን እንዴት የሶማሌ ሆነ? በንግድ። መልሱ ይኸው ነው። ከቀይ ባሕር ማዶ፣ በተለይ ከአደን፣ በጀልባ ተጭኖ፣ ተገዝቶ ነው የመጣው። የሶማሌ ዘመናዊ ሙዚቃ አባት የሚባሉት አብዱላሂ ቀርሼ በአደን ያለፉ ሰው ናቸው። «የካባን ንጉሥ» የተባሉትና እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ለንደን ውስጥ ያረፉት ሁደይዲ በርበራ ተወልደው አደን ነው ያደጉት፤ ካባን የተማሩትም እዚያው ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ፣ «በልዎ» የተባለውን የፍቅር ዜማ ያስጀመረው አብዲ ሲኒሞ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከበልዎ ቀራሚ ወጣ፤ ቀራሚ ያለ ካባን አይታሰብም። እንግዲህ ቁጠሩት፤ ነጋዴ፣ ጀልባ፣ ሾፌር፣ ወደብ። የዚህ ሙዚቃ ታሪክ ከዳር እስከ ዳር የመንገድና የገበያ ታሪክ ነው። ዛሬ መጥተን «ገበያ አይንካው» ስንል ታሪኩን እየጠበቅን ሳይሆን እየካድን ነው።

ከዚያ 1980 መጣ። በፈረንጆቹ 1988 መሆኑ ነው። የዚያድ ባሬ መንግሥት ሐርጌሳን ደበደባት፤ ሕዝቡ በእግሩ ወደ እኛ ተሻገረ። ከጅግጅጋ ብዙም የማይርቀው የሐርተ ሼክ ካምፕ ከሩብ ሚሊዮን በላይ ሰው እስከማስጠለል ደርሶ በዘመኑ ከዓለም ትልቁ ለመባል በቅቶ ነበር፤ የተዘጋው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። የሬዲዮ ሐርጌሳ ሰዎች የሙዚቃ ክሮቻቸውን መሬት ቆፍረው ቀበሩ፣ ከፊሉንም ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ አሻገሩ። ከእነዚህና ከመሰሎቻቸው ክሮች ተለቅሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ኦስቲናቶ ሪከርድስ ያወጣው «ስዊት አዝ ብሮክን ዴትስ» የተሰኘ አልበም ለግራሚ እስከ መታጨት ደረሰ። የክሮቹ ዕድል ጥሩ ነበር፤ ዛሬ ሐርጌሳ ውስጥ ከአሥር ሺህ በላይ ካሴት ሰብስቦ የያዘ የባህል ማዕከል አለ። ካባኖቹስ? ዘፈኑ የተጫወተበት እንጨት የት ነው ያለው? አንዳንዱ ቶጎጫሌ ነው፤ በፌስታል ተጠቅልሎ።

ባለፈው ዓመት ሊገዛ ከፈለገ ጓደኛዬ ጋር ሄጄ አንዱን አይቻለሁ። እኔ ኮድ ጽፌ የምበላ ሰው ነኝ፤ ጣቴ ከኪቦርድ የተረፈ ጊዜ ካባን ይነካካል። ሻጩ ሽማግሌ ናቸው። ዕቃው ያብለጨልጫል። በር እንደሚቀባ ወፍራም ቫርኒሽ ተለቅልቋል። በድምፅ ቀዳዳው የስልኬን መብራት አስገብቼ ሳይ፣ የሠሪው ወረቀት የሚለጠፍበት ቦታ ላይ የተፋቀ ጠባሳ ብቻ አለ።

«አዴር፣ እዚህ ጋ የነበረው ወረቀት የት ሄደ?»

«እኔ ነኝ የፋቅኩት፣ ልጄ።»

«ለምን?»

«ዓመቱ ተጽፎበታል። አንዱ አይቶ አሮጌ ነው ብሎ ዋጋ ይሰብራል። ሌላው አይቶ ቅርስ ነው፣ ከየት አመጣኸው ይለኛል። በአንድ ወረቀት ሁለት ጣጣ።»

30 ሺህ ብለው ጀምረው በ17 ሺህ ተስማሙ። ብሩ በቴሌብር ከገባ፣ ሻይ ከቀረበ በኋላ ነው ሌላው ወሬ የመጣው። ካባኑ የእናታቸው ወንድም ነበር። ከሐርጌሳ ሲሸሹ በብርድ ልብስ ጠቅልለው አመጡት፤ ካምፕ ውስጥ ሰርግ በተደገሰ ቁጥር ይጫወቱበት ነበር። ይህንን ሁሉ እያወቁ፣ ወረቀቱን ፍቀው፣ ቫርኒሽ ቀብተው፣ «አዲስ ነው ማለት ይቻላል» ብለው ነው የሸጡት። እሳቸውን አልወቅስም። ገበያው የጠየቃቸውን ነው የሰጡት። ገበያው «አሮጌ» ሲሉት የሚያንቋሽሽ፣ «ታሪክ አለው» ሲሉት የሚጠረጥር ከሆነ፣ አእምሮ ያለው ሻጭ ሁለቱንም ይደብቃል።

ይህ መደበቅ ደግሞ ወሬ ብቻ አይደለም የሚያጠፋው። እንጨቱንም ይጎዳል። የካባን ድምፅ የሚወጣው ፊቱ ላይ ካለው ስስ ጣውላ ነው፤ ያ ጣውላ እንዲርገበገብ ነው የተሳሳው። ወፍራም ቫርኒሽ ስትደርብበት ብርድ ልብስ እንደ ማልበስ ነው፤ ድምፁ ይታፈናል። በዚያ ላይ የካባን 11 ክር (አምስት ጥንድና አንድ ነጠላ) ለስላሳ ነው። «እንዲጮህ» ተብሎ የጊታር ብረት ክር ሲታሰርበት ጉተቱ ክሮቹ የተያዙበትን እንጨት ከፊቱ ይነቅለዋል፣ አንገቱንም ወደ ፊት ያጎብጠዋል። አየሩም አለ። አደንና በርበራ ወበቃም የባሕር ዳር ናቸው። እዚያ የኖረ እንጨት ከ1,600 ሜትር በላይ ወዳለው የጅግጅጋ ደረቅ አየር ሲመጣ ይኮማተራል፤ ፊቱ ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል። ስንጥቁን ሙያ ያለው አናጢ ይጠግነዋል፤ ማስቀመጫው ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ በላስቲክ አድርጎ ማኖር ደግሞ ቀድሞ ይከላከለዋል። ቫርኒሹ ግን ስንጥቁን ሸፍኖ ለገዢው ያስረክበዋል። ገዢው የሚያውቀው ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ሲመጣ ነው።

ሌላ ቦታ እንዴት ነው? አሜሪካ ውስጥ ፔዳል ስቲል የሚባል ጊታር አለ። እንደ ጠረጴዛ በእግሮቹ ይቆማል፤ ተጫዋቹ ክሩ ላይ ብረት እያንሸራተተ በእግሩና በጉልበቱ ድምፁን ያጣምማል። በ1960ዎቹ የተሠራ ሾ-በድ ወይም ኤመንስ ለሽያጭ ሲቀርብ ሻጩ የመለያ ቁጥሩን ፎቶ ያነሳል፤ የቱ ክፍል እንደተቀየረ፣ የት እንደተጫረ ይዘረዝራል። የማንም ልብ ንጹሕ ስለሆነ አይደለም። ታሪኩን የደበቀ ሻጭ ዋጋ ስለሚያጣ ነው። እዚያ ያልተቀባ፣ ያልተፋቀ፣ ወረቀቱ ያለው ዕቃ ይወደዳል፤ እኛ ጋ የተቀባው። ልዩነቱ የባህል ፍቅር አይደለም፤ ገበያው ምን እንደሚሸልም ነው።

«እሺ፣ በግልጽ ይሸጥ ስትል ፈረንጅ ሰብስቦ አይወስደውም?» ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ ምሳሌውም ቅርብ ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላ አሳትሟል። ዛሬ ከዚያ ዘመን የተረፈ ንጹሕ ሸክላ ውጭ አገር በመቶዎች ዶላር ሲሸጥ ታያላችሁ። ታዲያ ያ የሆነው ሸክላ መሸጥ ነውር ስላልነበረ ነው? አይደለም። ካሴት ሲመጣ ሸክላን ቆሻሻ ስላልነው ነው። ዋጋውን የማያውቅ ሰው በማንኛውም ዋጋ ይሸጣል። የዋጋ ዕውቀት የሚመጣው ደግሞ ሰው ፊት ለፊት ሲሸጥና ሲገዛ ነው፤ ያለዚያ የሚያውቀው ደላላው ብቻ ይሆናል። ለእውነተኛ ቅርስማ ሕግ አለ፤ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፣ መውጣትም የለበትም። እኔ የማወራው ስለ ገዳም ንዋየ ቅድሳት አይደለም፤ ስለ አንድ ሰው የግል ካባን ነው።

ብሩ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ነገሩ ከበፊቱም ብሷል። በጥቂት ቀናት 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር መቶን አለፈ። ዶላር የያዘ ሰው ጉልበት ጨመረ፤ አዲስ ካባን ከውጭ ማስገባት ለጅግጅጋ ተማሪ ሕልም ሆነ። ስለዚህ ለዛሬ የ18 ዓመት ጀማሪ ያለው ምርጫ አሮጌው ነው። እናንተ «አይሸጥም» የምትሉት ዕቃ ለእሱ ብቸኛው ትምህርት ቤት ነው።

ደግሞ ስለ ግድግዳው ሳላነሳ አላልፍም። አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ መሣሪያ ምስማር ላይ የሚሰቅሉ ካፌዎች በዝተዋል። ክሩ ተበጥሷል፣ ከጀርባው የመብራት ገመድ ያልፋል፣ ሥሩ ማኪያቶ ይፈላል። ይህንን «ቅርስ ጠበቁ» ብለን እናጨበጭባለን። ሽማግሌው ለተጫዋች ሲሸጡት ግን «ሸጡት» እንላለን። የሚጫወት ልጅ እጅ የገባ ካባን ቢሰነጠቅ ይጠገናል፣ ክሩ ቢበጠስ ይቀየራል፤ የሚፈልገው ሰው አለና። ግድግዳ ግን ጠግኖ አያውቅም።

መፍትሔው በጀትም ኮሚቴም አይጠይቅም። በእኛ ሙያ ኮድ ላይ ለውጥ ሲደረግ ማን፣ መቼ፣ ምን፣ ለምን እንደቀየረ አብሮ ይመዘገባል። ያ መዝገብ የሌለው ኮድ ቢሠራም ማንም አያምነውም። ለካባንም ግማሽ ገጽ ይበቃል፤ ከማን ተገዛ፣ መቼ፣ በስንት፣ ምኑ ተጠገነ፣ ማን ጠገነው። ሻጩ ፈቃደኛ ከሆኑ ደግሞ አምስት ደቂቃ ድምፃቸውን በስልክ ቅዱ፤ ሶማሊኛም ይሁን አማርኛ፣ እንደመጣላቸው። ወረቀቱን አጥፋችሁ ከመያዣው ኪስ ክተቱ። ስትሸጡት አብሮ ይሂድ። የጓደኛዬ ካባን እንዲህ ያለ ወረቀት አሁን አለው፤ የመጀመሪያው መስመር «1980፣ ከሐርጌሳ፣ በብርድ ልብስ» ይላል።

ገዢ ከሆናችሁ ከዋጋ በፊት ታሪኩን ጠይቁ፤ ለታሪኩም ክፈሉ። ያልተቀባውን ምረጡ። የሠሪው ወረቀት ያልተፋቀበትን ካባን ሁለት ሺህ ብር ጨምራችሁ ግዙ፤ ወሬው በሳምንት ውስጥ ገበያውን ያዳርሰዋል፣ ቶጎጫሌን አውቃታለሁ። ሻጭ ከሆናችሁ አትፋቁ፣ አትቀቡ። ሁለቱንም ካልሆናችሁ ደግሞ ቢያንስ ያቺን ዓረፍተ ነገር ተዉአት። ከልባችሁ «አይሸጥም» ካላችሁ፣ አንድ መንገድ አለ፤ ግዙትና ተጫወቱበት።