ብቅልና አገዳ

አሥረኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ባለፈው እሁድ የኬሚስትሪ ደብተሯን ዘጋችና «ለከርሞ ሶሻል ነው የምመርጠው፤ ይሄ ካታሊስት የሚሉት ነገር አልገባኝም» አለችኝ።

እናቴ ጓሮ ጠላ እየጠነሰሰች ነበር። ልጄን ይዤ ሄድኩና «እማዬ፣ ብቅል ባይገባበት ምን ይሆናል?» አልኳት።

«እንኩሮው እንኩሮ ሆኖ ይቀራላ! ጠላ ይወጣዋል እንዴ?»

መልሱ ይኸው ነው። ካታሊስት ራሱ ሳያልቅ የሌሎችን ለውጥ የሚያፋጥን ነገር ነው። በብቅሉ ውስጥ ያለው ኢንዛይም የእህሉን ስታርች ቆራርጦ ስኳር ያደርገዋል፤ እርሾው ደግሞ ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጠዋል። መኪና የሚነዳበት ኢታኖልም የሚገኘው በዚሁ መንገድ ነው። በፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሞላሰስ ይመረታል፤ አዲስ አበባ ውስጥም መጀመሪያ 5፣ በኋላ 10 በመቶ እየተደረገ ከቤንዚን ጋር ይቀላቀል ነበር። ሞላሰስ ስኳር ስለሆነ እርሾ ብቻ ይበቃዋል።

«ታዲያ ለምን ከበቆሎ አገዳ አይሠሩትም?» አለች ልጄ።

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። አገዳውን ያቆመው ሴሉሎስ እንደ ስታርች ሁሉ የግሉኮስ ሰንሰለት ነው። ማያያዣው ግን ይለያል፤ የብቅል ኢንዛይም አይፈታውም። ላም አገዳና ጭድ በልታ የምታድረው በሆዷ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን የሚፈታውን ኢንዛይም ስለሚሠሩላት ነው። ፋብሪካ ግን አገዳውን በአሲድ ወይም በእንፋሎት አላልቶ ይህንኑ ኢንዛይም መጨመር አለበት። ኢንዛይሙም ውድ ነው። አሜሪካ ዛሬም ኢታኖሏን በአብዛኛው ከበቆሎው ፍሬ የምታወጣው አንድም ለዚህ ነው፤ ፍሬው ደግሞ ለሰውም ለከብትም ምግብ ነው።

ርካሽና ብርቱ ካታሊስት ቢገኝ ፍሬው ለሌማት፣ አገዳው ለሞተር በሆነ ነበር። እርግጥ ለእኛ ገበሬ አገዳም የከብት መኖና ማገዶ ነው፤ እኛ ከሰጋቱራና ከቡና ገለፈት ብንጀምር ይሻላል።

ማታ ላይ ልጄ ጥንስሱን ከፍታ እያሸተተች «እማማ፣ ብቅሉን ብንቆላውስ?» ስትል ሰማኋት።

«ኧረ በይ! የተቆላ ብቅል ምን ሥራ ይሠራል?»

ልጄ ሮጣ ገብታ ደብተሯን ከፈተች። «ኢንዛይም ሙቀት ሲበዛበት ይበላሻል» የሚል ዓረፍተ ነገር አገኘችና ከሥሩ አሰመረች። ምርጫዋን ገና አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።