ለሆሳዕና መናኸሪያ ሰዎች፦ ልጆቹ ይሰሟችኋል

የተከበራችሁ ሾፌሮች፣ ረዳቶች፣ ተራ አስከባሪዎችና ቲኬት ቆራጮች፤ በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔና በሺንሺቾ መናኸሪያዎች ጀበና ጥዳችሁ የምትውሉ እናቶችና እህቶች፤

ለእናንተ የምጽፈው የአካባቢያችን ወሬ በእናንተ ደጅ ስለሚያልፍ ነው። ጠዋት ከሻሸመኔና ከሀላባ ከተሳፋሪ ጋር የወረደ ወሬ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጃጁራና አንጋጫ ይደርሳል። ከጎናችሁ ጫማ የሚጠርገው፣ ቆሎና ማስቲካ የሚያዞረው ልጅም ሁሉንም ይሰማል። ሳይመዝን ነው የሚሰማው፤ ትልቅ ሰው ተናግሮታልና።

የማነሳው ደላሎች ልጆቻችንን ስለሚያስገቡበት የደቡብ አፍሪካ የስደት መንገድ የሚወራውን ነው። «እገሌ ሱቅ ተቀጠረ» ተብሎ የተነሳው ወሬ ሁለት ሰው አልፎ «ሱቅ ከፈተ» ይሆናል። «ሰማሁ» ይል የነበረው ይቀርና «አየሁ» የሚል ይተካል። ደላላው ታዲያ ብዙ መዋሸት አያስፈልገውም፤ የእውነቱን ግማሽ ይዞ ቢዞር ይበቃዋል። ከደቡብ አፍሪካ በተላከ ገንዘብ ሆሳዕና ላይ የቆመው ፎቅ እውነት ነው፤ ልጁም በየቀኑ ያየዋል። በመንገድ የቀረው ግን ፎቅ አልሠራም፣ ስልክም አይደውልም። በጸሎት ቤት «ትሄዳለህ» የሚል ትንቢት ሲጨመርበት ደግሞ፣ ልጅ ቀርቶ አባትም መጠየቅ ይፈራል።

መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. ከማላዊ ወደ ሞዛምቢክ የገባ የጭነት መኪና ቴቴ ግዛት ውስጥ ሲፈተሽ፣ ኮንቴይነሩ ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። በሕይወት የተረፉት 14 ብቻ ነበሩ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን ማላዊ፣ ሙዚምባ ውስጥ፣ የኢትዮጵያውያን ናቸው የተባሉ ከ20 በላይ አስከሬኖች ከጅምላ መቃብር ወጡ። ስለ ፎቁ በየቀኑ የሚሰማው ልጅ ይህን ስንት ጊዜ ሰምቶ ይሆን?

ሊነግረው የሚችል ሰው አለ። ታንዛኒያ ወይም ማላዊ ታስሮ የተመለሰው ወጣት በእናንተው መናኸሪያ ነው የሚወርደው። ረሃቡን፣ ጫካውን፣ ጓደኛውን የት ጥሎ እንዳለፈ ያውቃል። እኛ ግን ገና ከመኪናው ሳይወርድ «ሳይቀናው መጣ»፣ «የአባቱን በሬዎች አስበልቶ ተመለሰ» እንላለን። ይህን የሰማ ሰው አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ይገባል፤ አፉንም ይዘጋል። ልጆቹ የዓይን ምስክራቸውን የሚያጡት በዚህ ነው። ሐሜታችን ለደላላው ያለ ደሞዝ ይሠራለታል። ከውሸቱ ይልቅ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ ውሸቱን ደላላው ቢያመጣውም ዝምታውን የፈጠርነው እኛ ነንና።

ለልጆች ረጅም ምክር አያስፈልጋቸውም። ሐሰተኛ መቶ ብር በጣቱ ዳሶ የሚለይ ሊስትሮ ወሬንም መዳሰስ ይችላል፤ የሚያሳየው ካገኘ። «አንተ ራስህ አይተሃል ወይስ ሰምተህ ነው? ብሄድ አንተ ምን ታገኛለህ? አብረው ሄደው ድምፃቸው የጠፋውስ?» ብሎ እንዲጠይቅ አስለምዱት። እናንተንም ሲጠይቃችሁ አትቆጡት። ያላያችሁትን «አላየሁም፣ ሲወራ ሰምቼ ነው» በሉት። ከትልቅ ሰው አፍ ይህን የሰማ ልጅ፣ መስማትና ማወቅ እንደሚለያዩ ያን ቀን ይገባዋል።

የተመለሰውን ወጣት ስታገኙትም ቡና ጋብዙት፤ እስኪናገር ታገሡት፤ ካወራም ልጆቹን አታባርሩ። በልጆች ፊት «ሳይቀናው» የሚል ሰው ሲኖር ዝም አትበሉት። በወጣቶች መሀል የሚሽከረከሩትን ደላሎች መልክ ከፖሊስ ቀድማችሁ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገር በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ወንጀል ነው፤ የሻይ ግብዣቸው አፋችሁን አይዝጋው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። የ15 ዓመት ልጅ ግን እስኪጠራ አይጠብቅም፤ ያን ጊዜ ሞያሌን አልፏል። ስለዚህ ማኅበሮቻችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ ስለ ተራና ስለ ታሪፍ ከመነጋገራቸው በፊት ይህን ጉዳይ እንዲያነሱ እለምናለሁ። መንገዱን አይተው የተመለሱ ሁለት ሦስት ወጣቶችን በክብር ጥሩ፤ መናኸሪያው ውስጥ ለሚሠሩት ልጆች በሀዲይሳ፣ በከምባቲሳ ወይም በአማርኛ ያዩትን ይንገሯቸው።

በአክብሮት፣
ከተሳፋሪዎቻችሁ አንዱ