ስም ያልወጣለት ገለፈት

ሥነ ጽሑፋችን ለልብ፣ ለአንጀትና ለሆድ ያልሰጠው ክብር የለም። ርኅራኄ አንጀት ይበላል፤ ጉጉት ልብ ይሰቅላል፤ ምስጢርንም ሆድ ይፍጀው እንላለን። ሳንባ ግን ተዘንግቷል፤ እርሱን የሸፈነው ስስ ገለፈትማ ጭራሽ አልተነሣም። ይህ ለብዕራችን ኪሳራ ነው ባይ ነኝ።

ገለፈቱ ድርብ ነው። የውስጠኛው ሳንባውን ተጣብቆ ያለብሰዋል፤ የውጭኛው የደረትን ግድግዳ ከውስጥ ይለብጣል። በሳንባው ሥር ታጥፈው ስለሚገናኙ ሁለት ይባሉ እንጂ አንድ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ፈሳሽ በያንዳንዱ ጎን ከሁለት የሻይ ማንኪያ እምብዛም አይበልጥም። ሳንባ ወደ ውስጥ መኮማተር ይሻል፤ ደረት ወደ ውጭ መለጠጥ። ሆድና ጀርባ ሆነው ሳለ አይላቀቁም፤ እንዲያውም ሳንባው ተነፍቶ የሚኖረው በዚሁ ጉተታ ነው። በቀዳዳ አየር ሲገባ ይሟሽሻል።

እኔን የሚደንቀኝ የሕመሙ ነገር ነው። የውስጠኛው ገለፈት ሕመም አያውቅም፤ የሚያመው የውጭኛው ነው። ስለዚህ ሳንባ እየታመመ ዝም ሊል ይችላል፤ ደዌው የውጭኛውን ሲነካ ነው «ጎኔን ወጋኝ» የሚያሰኘው። ሕዝባችን ለሕመሙ ውጋት የሚል ስም አውጥቷል፤ ለገለፈቱ ግን አላወጣም። (ውጋት ሁሉ ከዚህ ነው ማለቴ አይደለም፤ ጡንቻም ይወጋል።)

ጀርመናዊው ቶማስ ማን በ1924 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ምትሃታዊው ተራራ» የሚካሄደው በስዊዘርላንዱ ዳቮስ፣ በሳንባ ሕመምተኞች ማረፊያ ነው። መድኃኒት ባልነበረበት በዚያ ዘመን ሐኪሞች የታመመው ሳንባ ተኮማትሮ እንዲያርፍ ሆን ብለው በገለፈቶቹ መካከል ጋዝ ያስገቡ ነበር። ፈርጌ የተባለው ገጸ ባሕርይ ከረቀቀ ሐሳብ ጋር አልተዋወቅሁም ባይ፣ ትሑት ሰው ነው። ሐኪሙ ገለፈቱን በመሣሪያ ሲነካካው የተሰማውን አስጸያፊ መኮርኮር ግን ደጋግሞ ይተርካል። በመጽሐፉ ስለ ሞትና ስለ ነጻነት ከሚደረገው ረጅም ክርክር ይልቅ ከእኔ ጋር የቀረው የእርሱ ወሬ ነው።

የሳንባ ነቀርሳ ዛሬም አብሮን አለ። ሲበረታ በገለፈቶቹ መካከል ውኃ ይቋጥራል። ያን ጊዜ ሁለቱ ስለሚራራቁ መፋተጋቸው ይቀራል፤ ውጋቱም ጋብ ይላል፤ ትንፋሹ ግን ያጥራል። ቤተሰቡ «ተመስገን፣ ተሻለው» እያለ ቡና ሲያፈላ፣ ከአልጋው እስከ ደጃፉ መድረስ ያቃተውን ሰው የሚጽፍልን ደራሲ እጠብቃለሁ።